በቀኝ ጀምሪ

የጎረቤቴን የእትዬ ሃፊዛን እጅ ያየ ሰው ሥራቸውን አይገምትም። ለስላሳ ነው፤ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ባጭሩ የተቆረጠ። እኛ ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ፣ ሙስሊም ሴት ስትሞት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሬሳውን አጥበው፣ ከፍነው ለመጨረሻው መንገድ ያዘጋጃሉ። ታዲያ ጨዋታቸውን ብትሰሙ! ለቅሶ ቤት ተቀምጠው እንኳ ሰው ያስቃሉ።

ድሮ ብቻቸውን አልነበሩም። ሰልዋ የምትባል ጓደኛ ነበረቻቸው፤ እሷ ውሃ ታፈሳለች፣ እሳቸው ያጥባሉ። ቀድማ የሄደችውን የቀረችው ልታጥብ ቃል ተገባብተው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሰልዋ ሞተች። እትዬ ሃፊዛም በቃላቸው መሠረት አጠቧት። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባቸው።

“እንቅልፉስ ይቅር፣ ሸዋዬ” አሉኝ አንድ ቀን፣ እጃቸውን ዘርግተው። ይንቀጠቀጣል። “በዚህ እጅ ሬሳ ይነካል? ደሞስ እኔን ማን ያጥበኛል? ጎኔን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።”

ግራ ጎናቸው ላይ፣ በልጅነታቸው የፈላ ውሃ የተወው ጠባሳ አለ። ዛሬም ልብስ ሲነካው ይቆጠቁጣቸዋል። ብርድ ሲመታቸው ዘይት የምትቀባቸው ሰልዋ ነበረች። ሬሳ ምን ያመዋል እንዳልላቸው መልሱን አውቀዋለሁ። “ሬሳ እንደሚያመው ነው የሚታጠበው” ይላሉ ሁልጊዜ።

“ልጅዎ አለች አይደል?” አልኳቸው።

“ሰሀር? እሷ እንኳን ሬሳ፣ የታረደ ዶሮ ስታይ ጫማዋን ጥላ ነው የምትሮጠው!”

ሰሀር ቤቴል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ወገባቸውን ለሚያማቸው፣ እንቅልፍ እምቢ ላላቸው ሰዎች ዮጋ ኒድራ የሚባል የዕረፍት ልምምድ ታሠራለች። የእናቷን ነገር ስታይ አላስቻላትም፤ ለእሳቸውም ላሠራ አለች።

“የህንድ ነገር ነው አሉ። ሐራም እንዳይሆንብኝ” አሉ እትዬ ሃፊዛ።

“እማ፣ አንቺ ምንም አትይም። በጀርባሽ ትተኛለሽ፤ እኔ የሰውነትሽን ክፍል እየጠራሁ፣ አንቺ በሐሳብሽ ትከተይኛለሽ። በቃ።”

“ተኝቶ ልምምድ! እንግዲያው ሸዋዬም ትተኛ፤ ለዚህ እንኳ አትሰንፍም።”

ከአሱር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ተጋደምን። እትዬ ሃፊዛ ሻሻቸውን አውልቀው ፀጉራቸውን በተኑት። ውጭ ማካፋት ጀምሯል። ሰሀር በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

“የቀኝ እጅ አውራ ጣት” አለች በዝግታ። “ሌባ ጣት። የመሃል ጣት…” ከዚያ መዳፍ፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ የቀኝ ጎን። እኔ ጉልበት ሳይጠራ እንቅልፍ ወስዶኛል። የነቃሁት በጩኸት ነው።

“ገና ነኝ! ሰልዋ፣ ገና ነኝ!”

እትዬ ሃፊዛ ቁጭ ብለዋል። ሰሀር አጠገባቸው በድንጋጤ ቆማለች። “እማ፣ የበረደሽ መስሎኝ ጋቢ ጣል ባደርግብሽ ከፈን መስሎሽ ነው። እዚህ ማንም የለም።”

“ከጋቢው በፊትስ?” ድምፃቸው ዝቅ አለ። “ቀኝ እጅ ስትይ ውሃ ፈሰሰብኝ፤ ለብ ያለ። እኛም እኮ በቀኝ ነው የምንጀምረው። ወደ ግራ ስትዞሪ ውሃው ይቀድምሽ ጀመር። አንቺ ክንድ ሳትይ ክንዴ ላይ ነው። ጎኔ ጋ ሲደርስ ሰልዋ ጠባሳውን በእጇ ጀርባ አለፈችው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የምታደርገው።”

“ሰውነት ያስታውሳል፣ እማ። ክሊኒክም ያጋጥመኛል” አለች ሰሀር፣ ልትስቅ እየሞከረች።

እኔም ነገሩን ላቅልል ብዬ፣ “ይልቅ ፀጉርዎን መቼ ተሠሩት? እንዴት ያምራል!” አልኩ።

በትነውት የተኙት ፀጉር ሦስት ጉንጉን ሆኖ ጀርባቸው ላይ ወርዷል። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና አንድ በአንድ ዳሰሱት። የሰሀር ፊት አመድ መሰለ። እኔ ክርስቲያኗ የተረዳሁት በኋላ ሲነግሩኝ ነው፤ የሴት ሬሳ ከታጠበ በኋላ ፀጉሯ ሦስት ቦታ ተጎንጉኖ ወደ ጀርባ ይጣላል።

ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እጃቸውን ዘርግተው አዩት። አይንቀጠቀጥም።

“የሚያጥበኝ ሰው ባጣሁ ጊዜ ራሷ መጣች” አሉ። “አይ ሰልዋ! ድሮም ችኩል ናት። ነይ ሰሀር፣ ቀኝ እጄን ያዢ።”

“እማ፣ እኔ አልችልም።”

“ቅደም ተከተሉን ስትጠሪው ሰማሁሽ እኮ። የቀረሽ መንካት ነው። ሥራውን አንቺ ካልያዝሽው እሷ መመላለሷን አትተውም።”

ተመልሰው ጋደም አሉ። ሰሀር ተንበረከከች፤ ጣት፣ መዳፍ፣ ክንድ እያለች፣ አሁን ግን በእጇ እየተከተለች። ወደ ግራ ሳትዞር እትዬ ሃፊዛ ማንኮራፋት ጀመሩ። ሰሀር ግራ ጎናቸው ጋ ስትደርስ እጇን ገልብጣ፣ ጠባሳውን በቀሚሱ ላይ በእጇ ጀርባ አለፈችው። ከዚያ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እርጥብ ነበር። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

አሁን እትዬ ሃፊዛ ለእጥበት ሲጠሩ ሰሀር ውሃ ልታፈስ አብራ ትሄዳለች። ጣሳውን ሳታዘነብል ውሃው ቀድሟት የሚደርስበት ጊዜ አለ ትለኛለች። እናቷ እንደሆኑ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ።