ባላባቱ ለምን ጠቆረ

ሰቦቃ አብደታ በመቱ ከተማ ቡና መፈልፈያ ጆንያ ተሸካሚ ነው፤ መልኩ ጥቁር፣ ድምፁ ነጎድጓድ። በ1972 ዓ.ም. የቀበሌው የኪነት ቡድን ከአንድ የመሠረተ ትምህርት መጽሔት ላይ ስለ ባላባትና ጭሰኛ የሚያወራ የስዕል ታሪክ ወስዶ መድረክ ላይ ሊያወጣው ሲነሣ፣ ሰቦቃ የጭሰኛውን ንግግር አንዲት ሳያስቀር ሸመደደ። ታዲያስ! አባቱ አቶ አብደታ፣ ዳሪሙ በሚባለው ገጠር፣ መሬት ላራሹ እስኪታወጅ ድረስ ጭሰኛ ነበሩ። «እርስዎን ሆኜ ነው የምጫወተው፤ እሑድ መጥተው ይዩኝ» ብሎ ላከባቸው።

የቡድኑ ኃላፊ፣ አስተማሪዋ መንበረ፣ ግን የባላባቱን ካባ አምጥታ ሰጠችው።

«ስዕሉን እይ» አለችው መጽሔቱን ዘርግታ። «ባላባቱ ከሰል ነው፤ ጭሰኛው እንደ ወረቀቱ ነጭ። እኛ ገጽ በገጽ እንደ ስዕሉ ነው የምንሠራው።»

«ጓድ መንበረ፣ የኛ ባላባት እኮ ቀይ ነበሩ። ጥቁሮቹ እኛ ነን።»

«ሰዓሊው ካንተ ያንሳል? ክፉው እንዲለይ ብሎ ነው ያጠቆረው!»

ሰቦቃ ግራ ገባው። ክፉ ሰው የሚለየው በጥቁረቱ ከሆነ፣ ያ የአባቱን እህል ካውድማው እኩል ይካፈል የነበረው ቀይ ባላባት ምን ሊባል ነው? የገዛ ዓይኑ ዋሽቶት ይሆን? የተማረ ያውቃል፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ካባውን ለበሰ። የጭሰኛውን ሚና የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አበባየሁ ወሰደው። ቀይነቱ አልበቃ ብሎ ፊቱ ላይ የስንዴ ዱቄት ነሰነሱበት። ጉድ እኮ ነው!

እሑድ ከሰዓት አቶ አብደታ በእግራቸው ወደ ቀበሌው አዳራሽ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰቦቃ በመጋረጃው ቀዳዳ አያቸው። ሚናው መለወጡን ማስረዳት ነበረበት፣ ግን ምን ብሎ? ለራሱም አልገባውም።

መጋረጃው ተከፈተ። ሰቦቃ አለንጋ ይዞ ቆሟል። አበባየሁ ከአዳራሹ በር ተነሥቶ፣ በሕዝቡ መሀል ወደ መድረኩ ሲያልፍ፣ አቶ አብደታ ብድግ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ጋቢያቸውን አደግድገው እስከ መሬት እጅ ነሡ።

«ጎፍታ ኮ!» አሉት፤ ጌታዬ ማለታቸው ነው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን ተቀመጥ እስኪባሉ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«ጭሰኛውን ምታው እንጂ!» ትላለች መንበረ ከመጋረጃው ጀርባ። ምን ይምታ! ሰቦቃ ካባውን እየጎተተ ወርዶ አባቱን ደገፋቸው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አባ፣ ቀና ይበሉ፤ እሱ እኮ ጭሰኛው ነው።»

ሽማግሌው ዱቄት የተቀባውን ፊት አዩ፤ ከዚያ የልጃቸውን አለንጋ።

«እሱ ጭሰኛ ከሆነ» አሉ በኦሮምኛ ቀስ ብለው፣ «እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ ልጄ?»

ሰቦቃ ዞሮ መንበረን አያት። እሷም መጽሔቱን ታገላብጥ ጀመር።