ምች አይደለም

ሰፈራችን ውስጥ ጨቅጫቃ የሚል ስም ወጥቶልኛል። መድኃኒት ቤት ገብቼ የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳላነብ አልወጣም። ነርስ መርፌ ይዛ ስትመጣ ብልቃጡን ሳላይ ክንዴን አልሰጥም። «አስተማሪ አይደለች እንዴ፣ ሁሉን ካላረመች እንቅልፍ አይወስዳትም» ይላሉ። ይበሉ። አንድ መድኃኒት ሦስት ጊዜ መጥቶብኛል፤ ሁለቱን ጊዜ ሌላ ስም ሰጥተን ሸኝተነዋል። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ማንም ፊት ቆሜ በስሙ እጠራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለረጅም ጊዜ ያስፈራኝ ነበር፤ አፌ የተዘጋ ቀን ማን ይናገርልኛል?

ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው፤ መንገዱ ሽቅብ በሚነሳበት፣ ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ በተደጋገፉበት በኩል። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ቤቱ የእኔና የእማዬ ብቻ ነው። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የማታውቀው በሽታ የለም። በራችን ላይ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ዳማከሴ ተክላለች። የሰፈሩ ሰው ራሱን ባመመው ቁጥር መጥቶ የሚቀነጥሰው ከእሷ ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ቶንሲል አሞኝ ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ፣ ጎረቤታችን ከልጇ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። በእኛ ሰፈር መድኃኒት እንደ እርሾ ነው፤ የተረፈው አይጣልም፣ ለጎረቤት ይሰጣል። በልጅነቴም ወስጄው አውቃለሁ፣ ምንም አላደረገኝም። በማግስቱ ትንሽ ሻል ሲለኝ፣ ጠዋት አንዱን ዋጥ አድርጌ ከጓደኞቼ ጋር የእንጦጦን ዳገት ተያያዝነው። ገና ባሕር ዛፉ ሥር ሳንደርስ መዳፌን በላኝ። ቀጥሎ ጆሮዬን፣ ቀጥሎ መላ ሰውነቴን። ቤት ስመለስ የላይኛው ከንፈሬ አብጦ አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምች መትቶሻል!» አለች እማዬ ገና ከበር ስታየኝ። «ላብሽን ይዘሽ ፀሐይ ላይ! ስንቴ ልንገርሽ?»

ዳማከሴውን ቀንጥሳ በመዳፏ አሸችው። ጭማቂውን አሸተተችኝ፣ ፊቴን ቀባችኝ፣ የቀረውን አስጠጣችኝና በጋቢ ጠቅልላ አስተኛችኝ። እስኪመሽ እብጠቱ ጎደለ። ምስጋናውን ሁሉ ዳማከሴው ወሰደ። ቅጠሉን አልወቅሰውም፤ ያልሠራውን ሥራ ያሸከምነው እኛ ነን። «ምች ላይ የሐኪም መድኃኒት አይወሰድም» ብላ የቀረውን ካፕሱል ከለከለችኝ። ሳታውቀው ያተረፈችኝ በዚህ ነው። ካፕሱሉንም አልጣለችውም፣ ለሌላ ጎረቤት ሰጠችው።

ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በኋላ መጣ። ማስተማር ጀምሬያለሁ። መገናኛ አካባቢ የመንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩና የታዘዘልኝን ይዤ ተመለስኩ። የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝም «የለም» ነበር የምለው። በማግስቱ ካፕሱሉን ውጬ፣ እንግዳ ይመጣ ስለነበር ወጥ ልሠራ ቁሌት ላይ ቆምኩ። ሽንኩርቱ ሳይበስል ሰውነቴ በሙሉ ሽፍ አለ። ድምፄ ጎረነነ፣ ደረቴ ሲር ሲር ይል ጀመር።

«የቁሌቱ ሽታ ነው» አለች እማዬ ማማሰያውን ከእጄ እየነጠቀች። «አፍሽን ሳትሸፍኚ ምን አስቆመሽ!»

ደግሞ ዳማከሴ፣ ደግሞ ጋቢ። ይሄኛው ሁለት ቀን አስተኛኝ።

ንዴቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ በእማዬ ሳይሆን በራሴ። ክፍል ገብቼ «ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር ምክንያት አለው፣ ፈልጉት» እያልኩ የምለፈልፍ ሴት ነኝ። ተኝቼ ሳለሁ ያ ካፕሱል ባለፈውም ነበረ የሚል ሐሳብ ብልጭ ብሎብኝ ነበር። ማን ይሰማኛል ብዬ፣ የእማዬንም ፊት አይቼ፣ ተውኩት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ሊቀብረኝ ነበር።

ሦስተኛው የመጣብኝ የሥራ ባልደረባዬ አባት ሞተው ለለቅሶ ወደ አያት ሰፈር በምሄድበት ቀን ነበር። ሳምንት ሙሉ ስስል ከርሜ፣ መገናኛ አንዱ መድኃኒት ቤት ገብቼ «ለሳል ጠንከር ያለ ነገር ስጡኝ» አልኩ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ! ይህን ስናገር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ሰውየው ሰጠኝ፣ እኔም ባንኮኒው ላይ አንዱን በውሃ አወራርጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ብዙ አልሄድንም። መዳፌን በላኝ። ምላሴ ከአፌ በለጠብኝ፤ መስኮቱን ክፈቱ ልል ፈልጌ ቃሉ አልወጣ አለ። ጉሮሮዬ ጠበበ፣ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የሰው ድምፅ ነው። አንዱ «የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት ጫሩላት» ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ «ከንፈሯን እዩት፣ ምች ነው፣ ዳማከሴ የያዘ የለም?» ትላለች። ክብሪቱ ተጫረና ጭሱ አፍንጫዬ ሥር መጣ፤ ትንሽ የቀረችኝን አየር እሱ ወሰዳት።

«በቃ፣ ዝም በሉ!» አለ ሹፌሩ። «እኔ ክሊኒክ ነው የምወስዳት፣ የቸኮለ ይውረድ።»

አንድም ሰው አልወረደም። ያ ሁሉ ተሳፋሪ የእኔን ክብደት ተካፍሎ ተሸክሞ ክሊኒኩ በር ድረስ አደረሰኝ። የተሳሳቱትን እቀየማለሁ እንጂ የተሸከሙኝን አልረሳም፤ ሰዎቹ ደግሞ ያው እነሱው ናቸው።

አንዲት ወጣት ዶክተር ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችና «ዛሬ ምን መድኃኒት ወሰድሽ?» አለች። በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ይህን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። በጣቴ ቦርሳዬን አሳየኋት። ጭኔ ላይ አድሬናሊን ወጋችኝ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አየር እንደ አዲስ ገባኝ። አለቀስኩ፤ ሞትን ፈርቼ ሳይሆን፣ ጠርጥሬው ዝም ማለቴ ቆጭቶኝ።

«ምች መትቶኝ ነው?» አልኳት፣ ይኸው ያኔም።

«ምች አይደለም። የፔኒሲሊን አለርጂ ነው» አለችኝ። «ሰውነትሽ መጀመሪያ ላይ ዝም ይለዋል፣ በኋላ እንደ ጠላት ይይዘዋል። የሚቀጥለው ከዚህም ሊብስ ይችላል። መድኃኒቱ ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ ቤተሰብ አለው። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው። የሩቅ ዘመዶቹንም ሐኪም ሳያውቅ እንዳትነኪ። የሚስማሙሽ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ዋናው ነገር ሳትጠየቂ መናገርሽ ነው።»

ሊመለስብኝ ይችላል ብላ እስኪመሽ ከዓይኗ ሥር አላራቀችኝም። ስወጣ ሁሉንም በወረቀት ጽፋ ማኅተም አሳረፈችበት። ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጥኩት። ፍሬ ነገሩን በቀይ ጽፌ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱን ቁም ሳጥኑ ላይ አደረግኩ። ቤት ውስጥ የተጠራቀመውን ትርፍራፊ ክኒን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ። ለጎረቤቶቻችንም ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው፣ ከእንግዲህ የተረፈ መድኃኒት አታምጡልን፣ እኛም አንሰጥም። ያኔ ነው ጨቅጫቃ የሚለው ስም የወጣልኝ። አንዷማ «የእኛ እጅ ተናቀ» ብላ አኮረፈችኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አልኩና አለፍኳት።

ከእማዬ ጋር ግን ማለፍ አልተቻለም።

«ታዲያ ዳማከሴው ሁለቴ ያዳነሽ በምንድን ነው?» አለች ወረቀቱን እያገላበጠች።

«አላዳነኝም እማዬ። በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀኝ።»

«እሺ፣ እኔ ነኛ ውሸታሟ!» ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ተመልሳ ብትመጣም ነገሩን አላነሳችውም። እኔ አነሳሁት፤ በቁርስም፣ በምሳም። የመድኃኒቶቹን ስም በቃሏ ላስይዛት ብሞክር «ተማሪሽ አይደለሁም» ትለኛለች። የእኔን ጭንቀት አላየችውም፣ ወይም ያላየች መሰለች። አላገባሁም፣ ወንድም እህት የለኝም። ራሴን ብስት ሐኪም ዞሮ የሚጠይቀው እማዬን ነው። እሷ ደግሞ የምትመልሰው መልስ አንድ ነው። ይህን እያሰብኩ ስንት ጊዜ ጮኼባታለሁ፤ አይቆጨኝም።

እንደዚያ እያለ ክረምቱ ገባ። ዳገታችን በጭቃ አንሸራትቶ ጥሎኝ ጉልበቴ ተላጠ፣ ቁስሉም መገለ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወጣቱ ባለሙያ አለርጂዬን ስነግረው ፈገግ አለ።

«ባዶ ሆድሽን ወስደሽው ነው፣ ሁሉም እንዲህ ይላል» አለኝና ትእዛዙን ጻፈ። አነበብኩት። ክሎክሳሲሊን።

«ይሄን አልወስድም» አልኩና የተለበጠውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «አንብበው።»

«ወረፋ አለ እኮ።»

«አይቼዋለሁ። አንብበውና ያልቃል።»

ከኋላዬ ማጉረምረም ተነሳ። «ሴትዮ፣ ሐኪም ልታስተምሪ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። አዎ፣ ላስተምር ነው፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለእሱ ነው። ከወንበሩ አልተነሳሁም። በመጨረሻ ልጁ ወረቀቱን አነበበ፣ ፊቱ ተለወጠ፣ ሌላ ክፍል ገብቶ ትልቁን ሐኪም አማክሮ ሌላ መድኃኒት አዘዘልኝ። ካርዴ ላይም በቀይ እንዲጽፍልኝ አደረግኩ። ቁስሌ በሳምንቱ ዳነ። ቤት ገብቼ ታሪኩን ስነግራት እማዬ ሽሮ እየነፋች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ትርፍ አንጀት የመታኝ ባለፈው ዓመት ነው፣ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ ይዤ። ባልደረቦቼ በመኪና ወደ ሆስፒታል ሲያከንፉኝ፣ በቀይ የጻፍኩት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ የመምህራን ክፍል መሳቢያ ውስጥ ቀረ። እማዬን በስልክ ጠርተዋት ደረሰች። ለሕመሙ የሰጡኝ መርፌ ምላሴን አስሮታል፤ ትኩሳቱ ደግሞ ግድግዳውን ያወዛውዘዋል። ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ሲሉ ሰማሁ።

ነርሷ ጎንበስ ብላ «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ?» አለችኝ። አለ ያልኩ መሰለኝ። ለካ ከንፈሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ካርዱን እንደያዘች ወደ እናቴ ዞረች።

«እማማ፣ እርስዎስ ያውቃሉ? መድኃኒት ወስዳ የታመመችበት ጊዜ አለ?»

እማዬ ወደ እኔ አየች። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ፈርቼ አላውቅም። ሚኒባሱ ውስጥ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም። ተነስቼ አንገቷን ይዤ ልነቀንቃት ወደድኩ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እማዬ የመቀነቷን ጫፍ ፈልጋ አገኘችና ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ገንዘብ ልታወጣ መስሎኝ ነበር። ያወጣችው የተጨማደደ የካፕሱል ማሸጊያ ነው፤ የዚያን ቀን መገናኛ የገዛሁት፣ ጥዬው ከቆሻሻ ውስጥ ያነሳችው። ስንት ወር ወገቧ ላይ ታጥቃው እንደኖረች አላውቅም።

«ይሄን፣ ዘመድ አዝማዱንም ጭምር፣ እንዳትሰጧት» አለች።

ነርሷ ማሸጊያውን ተቀብላ አየችው። «አለርጂ አለባት ማለት ነው?»

«አዎ፣ አለርጂ። ምች ነው እያልኩ ሁለቴ ልቀብራት የነበርኩት እኔ ነኝ። ጻፊው ልጄ።»

ነርሷ ቀይ እስክሪብቶ አንስታ ካርዱ ላይ ጻፈች። «ጽፌዋለሁ እማማ፣ አሁን ውጪ ይጠብቁ» አለቻት። እማዬ ግን የአልጋዬን ብረት እንደያዘች ቀረች። ጣቷን ቀዩ ጽሑፍ ላይ አደረገች።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «አንብቢልኝ።»

ነርሷ አነበበችላት።

«ድገሚው» አለች እማዬ።