ከጥዱ ጀርባ

ቤታችን መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እኔና አንዲት ልጄ ብቻ ነን።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር ልጄን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። "ገና ተማሪ ናት" ብዬ መለስኋቸው። ሽማግሌዎቹ ቅር አላቸው እንጂ ክፉ አልተናገሩም። እሱ ግን ከዚያ በኋላ በደጃችን ሲያልፍ መኪናውን ቀስ ያደርግ ጀመር። ጥሩንባ አይነፋ፣ ቃል አይተነፍስ፣ ዝም ብሎ ማየት። ልጄ ልብስ ስታሰጣ ያያታል፣ ፀጉሯን ስታበጥር ያያታል። በጉልበት የተወሰደች ልጅ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ የማውቃትም አለች። "አየብኝ" ብዬ ማንን ልክሰስ?

ስለዚህ ጥድ ተከልሁ። ችግኙን ከሲሪንቃ በባጃጅ አምጥቼ በሽቦው አጥር ሥር ጠጋ ጠጋ አድርጌ ደረደርሁት።

"እማዬ፣ ይሄ እስኪያድግ እኔ አርጅቼ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም" አለች ልጄ ውሃ እያጠጣች።

"አርጅተሽም ይሸፍንሽ፤ ምን ገዶኝ!"

ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ነው የሚውሉት። "ምነው ልጄ፣ ከእኛም ልትደበቂ ነው?" አሉኝ እየሳቁ።

"ከእርስዎ አይደለም አባቴ፣ ከመንገደኛው ነው።"

ጥዱ ክረምት በመጣ ቁጥር እየወፈረ ሄደ፤ በመጨረሻ ቁመቴን አለፈ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በእኛ ዘንድ አላፊ አግዳሚው ባይገባም እንኳ ከመንገድ ላይ "ደህና ዋላችሁ?" ሳይል አያልፍም። ያ ቀረ። ለዛፍ ማን ሰላምታ ይሰጣል? ግቢው በቀትር ይጨልማል። ሚኒባስ ቀስ ሲል እሰማለሁ፤ ማን እንዳለበት ግን አላይም።

አንድ የገበያ ቀን ልጄን ልብስ እያጠበች ትቻት ወጣሁ። ስመለስ ለእሳት የሚሆን ጭራሮ ልለቅም ከጥዱ ጀርባ፣ ጥቅጥቅ ካለው ቅርንጫፍ ውስጥ ገባሁ። ሣሩ ተኝቷል። በዓይን ትክክል ያሉት ቅርንጫፎች ተሰባብረዋል። ሥሩ የጫት ገረባ ተበትኗል፤ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ ገና እርጥብ ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ አየሁ። በራችን ይታያል። በሩ ክፍት ነበርና የልጄ አልጋም ይታያል።

ልጄ ምንም አላወቀችም። እየሮጥሁ ተሻገርሁ።

"አባቴ፣ ዛሬ ወደ እኛ የገባ ሰው አይተዋል?"

"ወላሂ ልጄ፣ በምን ዓይኔ ልይ? ከዛፍሽ በቀር ምን ይታየኛል?"

ፊቴን አይተው ልጆቻቸውን ጠሩልኝ። መጥረቢያ ይዘው መጡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥዱ መሬት ላይ ተጋደመ። ቅርንጫፉን ከመንገድ ስንጎትት ሚኒባሱ መጣና አጠገቤ ቆመ። ሰውየው ጉንጩ በጫት እንዳበጠ የወደቀውን ዛፍ አየ፣ እኔን አየኝ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

"ምነው እናቴ፣ ቆረጡት? ጥላው እኮ ደስ ይል ነበር።"

ብሎ ሄደ።

ቤት ገብቼ የልጄን ልብስ በፌስታል ማጨቅ ያዝሁ። "ነገ በጠዋት ወልድያ፣ አክስትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ" አልኋት።

ልጄ መጋረጃውን ይዛ መንገዱን ታያለች።

"በምን እማዬ?" አለችኝ። "በወልድያ መስመር የሚሠራው እሱ አይደል?"