እትዬ ሃሎና የደረጃው ወንበር

እትዬ ሃሎን በሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ስልክ በሰው እጅ እየተቀጠለ ከከተማ ወደ ከተማ በሚያልፍበት ዘመን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሽቦ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀሉ ሌላው ላይ ሲሰኩ ነው ወጣትነታቸውን የጨረሱት። ፊቱን አይተው የማያውቁትን ሰው በትንፋሹ ይለዩት ነበር። ደዋዩ ገና አፉን ሳይከፍት መርዶ ይሁን የምሥራች እንደሚያውቁ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ እንደ ቀላል ነገር ያወሩታል። "ትንፋሹ ይነግረኛል" ይላሉ።

አላገቡም፤ አልወለዱም። ጠበብ ባለች ፎቅ ቤት ከታናሽ እህታቸው ከሚጢ ጋር አረጁ። ሚጢ ሰማንያን አልፋም ያው ሚጢ ናት። ታችኛው ክፍል የሚጢ፣ ላይኛው የእትዬ ሃሎ ነበር። የሚጢ ልጅ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ከሚስቱ ጋር ከወጥ ቤቱ ጎን ባለው ክፍል ይኖራል። እትዬ ሃሎ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃው ገደል ሆነባቸው። ቁልቁለት ነው፣ ጠባብ ነው፣ መሃል ላይ ያለው እንጨት ደግሞ ሲረግጡት ያቃስታል። ሚጢንም ጉልበቷ ከዳት። እህትማማቾቹ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ መተያየት ቀረ።

የተረፋቸው ድምፅ ነበር። ምሳ ተበልቶ ሳህን ሲነሳ፣ ሚጢ ደረጃው ሥር ትቀመጥና ትጣራለች።

"እታለም! አለሽ?"

"አለሁ! የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?"

ከዚያ ወሬው ይደራል። ማን አገባ፣ ማን ተፋታ፣ የጎረቤት ውሻ ማንን ነከሰ። የሁለቱም ጆሮ ደከም ስላለ የሚያወሩት በጩኸት ነው፤ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ይሰማል። "የዚህ ቤት ምስጢር እኮ በሬዲዮ ነው የሚተላለፈው" ይል ነበር ሾፌሩ።

አንድ ቀን ጠዋት ሚጢ በተኛችበት ቀረች።

ሾፌሩ አክስቱን አዝሎ ሊያወርዳቸው ወጥቶ ነበር። ገና መውረድ ሲጀምር እግሩ አዳለጠውና በግድግዳው ተደግፎ ለጥቂት ተረፈ። "ተወኝ ልጄ፣ በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ አታውጣ" አሉት። ስለዚህ የታችኛውን ለቅሶ ከላይ ሆነው ሰሙት። ሳጥኑ ከበር ሲወጣ በመስኮት ያዩት ክዳኑን ብቻ ነው። አላለቀሱም። ግርግሩ የሌላ ሰው ቤት ግርግር መሰላቸው።

ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ፣ የሾፌሩ ሚስት፣ ምራቲቱ፣ የምሳ ዕቃ እያጠበች ሳለ፣ እትዬ ሃሎ ከላይ ጮክ ብለው፣ "አለሁ! የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?" አሉ።

ብርጭቆው ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ከሷ በቀር ታች ማንም አልነበረም፤ እሷ ደግሞ አልተጣራችም።

በማግስቱም ያው ሆነ። ለባሏ ብትነግረው፣ "ጆሯቸው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሽቦ ሲያዳምጡ ኖረው ምን ይሁኑ?" አላት። እሱ በዚያ ሰዓት መሪ ጨብጦ ነው የሚውለው። የምትሰማው እሷ ነች። እትዬ ሃሎ ይመልሳሉ፤ ዝም ይላሉ፤ "ኧረ በይ!" ብለው ይስቃሉ፤ እንደገና ዝም ይላሉ። ዝምታው ልክ ሌላ ሰው የሚናገርበትን ያህል ነበር የሚረዝመው።

ሾፌሩ፣ ወርደው ባዶውን ክፍል ቢያዩት ድምፁ ይተዋቸዋል ብሎ አሰበ። ወንበር አስመጣ። በደረጃው ጎን በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ሰው አስቀምጦ የሚወጣና የሚወርድ፣ ቀበቶ ያለው፣ ክንዱ ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት የሚሄድ፣ ሲለቁት የሚቆም ወንበር ነው። ሊገጥመው የመጣው ሰውዬ ወሬኛ ነበር። ሐዲዱን በብሎን አጥብቆ፣ ከታችም ከላይም ግድግዳው ላይ ባዶውን ወንበር መላኪያ ቁልፍ ገጥሞ፣ መጀመሪያ የዱቄት ጆንያ፣ ቀጥሎ ራሱን ጭኖ ሞከረው።

"ይኸው እማማ! በቅሎ ላይ እንደተቀመጡ ይቁጠሩት። አትነክስ፣ አትራገጥ።"

"ምን ትበላለች?"

"መብራት ነዋ! መብራት ቢጠፋም ባትሪ አላት፤ መሃል መንገድ ላይ አትጥልዎትም።"

"ደህና በቅሎ ናት" አሉ እትዬ ሃሎ። "ግን እኔ መንገድ የለኝም።"

ሾፌሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አኮረፈ። ወይ ፍንክች! ወንበሩ ደረጃው አናት ላይ ተጣጥፎ አቧራ ጠጣ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ምራቲቱ ወጣችና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ወንበሩ ነው የሚያስፈራዎት?"

"ወንበሩማ ምን አለው።" የብርድ ልብሱን ዘርፍ በጣታቸው ሲያፍተለትሉ ቆዩ። "እዚህ እስካለሁ ድረስ እሷ ታች ናት። ወርጄ ባጣትስ?"

ምራቲቱ ወደ ደረጃው ዞር አለች። "እኔ በዚያ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ" አለች። "ዝናብም ቢሆን። እስክትጨርሱ መንገድ ላይ ቆሜ ነው የምጠብቀው።"

"በኔ የተነሳ?"

"በሁለታችሁም።"

እትዬ ሃሎ እጇን ያዙት። በረዶ ሆኗል።

"ምነው ሳትነግሪኝ አንቺ ልጅ? በይ ያቺን በቅሎ አዘጋጂልኝ።"

ቀበቶውን አሰረችላቸው፤ እግራቸውን ማሳረፊያው ላይ አስተካከለች፤ ከፊት ከፊታቸው ወረደች። ወንበሩ እያጉረመረመ ቁልቁል ተንቀሳቀሰ። መሃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቁልፉን ለቀቀና ቆመ። ጆሯቸውን ወደ ታች አዘነበሉ።

"መጣሁ" አሉ። ያን ቀን "አለሁ" አላሉም። ቁልፉን መልሰው ተጫኑት።

የሚጢ ክፍል እንደነበረ ነው። ፍራሹ ብቻ ተጠቅልሏል፤ ነጠላ ጫማዋ አልጋው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል። እትዬ ሃሎ አልጋውን ዳበሱ፤ ግድግዳውን ዳበሱ፤ ጫማውን አስነስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። ከዚያ ጮኹ። በቀብሩ ዕለት ሳያለቅሱት የቀረው ለቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ ገባ።

"ማን ነው? ማን ሞተ?"

"ሚጢ" አለች ምራቲቱ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይጠይቅ ተቀምጦ አብሯቸው አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይወርዳሉ፤ ሲመሽ ይወጣሉ። ታች ሆነው ሽንኩርት ይልጣሉ፤ በር ላይ ተቀምጠው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ይቃለዳሉ። የሚጠራቸው ድምፅ የለም። ምራቲቱም ከምሳ በኋላ መሸሿን ተወች፤ የፊቷ ወዝ ተመለሰ።

እንዲህ እያሉ ከረሙ። አንድ ቀን ሳህን ተነስቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ሩዝ ሲለቅሙ የምራቲቱ እጅ ቆመ። በዚህ ጊዜ እሷም ሰማችው። የመጣውም ከላይ ነው፤ ማንም ከሌለበት።

"እታለም! አለሽ?"

ተያዩ። እትዬ ሃሎ አልደነገጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ለአፍታ አዳመጡ።

"ወንበሩ የት ነው?"

"እዚሁ ታች ነው እትዬ።"

"ላኪላታ እንግዲህ። ጉልበቷን ያማታል።"

ምራቲቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች። ባዶው ወንበር እያጉረመረመ ወጣ፤ ላይ ደርሶ ቆመ። ጠበቁ። ምንም አልወረደም። እትዬ ሃሎ ወደ ሩዛቸው ተመለሱ።

ሲመሽ ምራቲቱ ወንበሩን ወደ ታች መለሰችው። እትዬ ሃሎን ከማስቀመጧ በፊት፣ ሰው የተነሳበት ይመስል፣ ጨርቅ አንስታ መቀመጫውን ጠረገች። አቧራ አልነበረበትም። እትዬ ሃሎ ጠርጋ እስክትጨርስ ጠበቋት።