የተሰደበው ፊልም ክፍል ሁለት

ፊልሙ ወጥቶ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ። "ክፍል ሁለት መቼ ነው?" የሚያሾፉብኝ ነበር የሚመስለኝ። ተቺዎቹ አፈር ድሜ ያበሉት ፊልም ምን ክፍል ሁለት አለው?

ሰው ሁሉ የሚወደውን አንድ የድሮ ፊልም እንደ አዲስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በድሮው ፊልም መጨረሻ፣ አባቷ ያባረራት ልጅ ተመልሳ በሩን ታንኳኳለች፤ አባትየው አይከፍትላትም። አገር ምድሩ አልቅሶበታል። እኔ ግን በሩን አስከፈትኩት። እንጦጦ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ባቆምነው የቆርቆሮ በር ላይ ስንቀርጸው እኔው ራሴ አለቀስኩ። ተቺዎቹ ውሸት ነው አሉ። አንዱማ እንዲህ ያለ አባት እዚህ አገር የለም ብሎ ጻፈ። ከስድቡ ሁሉ ያመመኝ እሱ ነው።

ያመመኝ የራሴም አባት ስለዘጋኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ኮተቤ ያስተማረ ሰው ነው። እንደሱ መምህር ልሆን የጀመርኩትን ትምህርት ለፊልም ብዬ ስተው "ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳላይሽ" አለኝ። ግትር ነው፤ እኔም የሱ ልጅ ነኝ። ለፊልሙ ምርቃት የጥሪ ካርድ ላክሁለት፣ አልመጣም።

አንድ ቀን ፕሮዲውሰሩ ደወለልኝ። ቀደም ሲል ክፍል ሁለት ይኖረዋል ወይ ብዬ ስጠይቀው "አንዱንስ ማን አየው?" ብሎ የሳቀብኝ ሰውዬ አሁን አልሳቀም። ጠያቂው በዝቶበታል፤ አብዛኞቹ ደግሞ ፊልሙን ያዩት በአገር አቋራጭ አውቶብስ ነው። ሹፌሩ ሁሉ ማንን አስፈቅዶ እንደሚያሳየው እንጃ። ነገሩ ከነከነኝና ላምበረት መናኸሪያ ሄድኩ። ፊልሜን የሚያሳዩ አንድ የደሴ መስመር ሹፌር ጎማ ሲፈትሹ አገኘሁ።

"መጨረሻውን ሰው ወደደልዎት?" አልኳቸው።

"መጨረሻ አለው እንዴ?" አሉኝ ቀና ብለው። "ልጅቷ በሩን ስታንኳኳ እኛ ደብረ ብርሃን ለቁርስ እንገባለን፣ አጠፋዋለሁ። ከቁርስ በኋላማ ዘፈን ነው፣ እኔን እንቅልፍ እንዳይጥለኝ። ቀሪው ክፍል ሁለት ላይ ይሆናል እያልኩ ነው ሰዉን የማጽናናው።"

ክው አልኩ። ያ ሁሉ የተሰደብኩበትን መጨረሻ ሕዝቡ ጭራሽ አላየውም። ያ ሁሉ መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ እንቁላል ፍርፍር በልቶ በዘፈን ደሴ ይገባል። እዚያው ቆሜ ልሳቅ ወይስ ልናደድ ግራ ገባኝ።

ፕሮዲውሰሩ ይህን ሲሰማ ፈነጠዘ። "በቃ፣ ክፍል ሁለትን ከበሩ እንጀምራለን" አለኝ። "አሁን ግን አይክፈትላት። ተቺውም አፉን ይዘጋል፣ እኛም እንድናለን።" እምቢ ካልኩ ሌላ ጸሐፊ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አባትየው በሩን ሳይከፍት ሲቀር በገዛ እጄ ልጽፈው ነው።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኝ ሳለ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አባቴ ነው። ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ደረጃው አድክሞት ያለከልካል። ደሴ ለቅሶ ደርሶ መመለሱ ነው። ላምበረት ወርዶ፣ ኮተቤ የራሱን ቤት አልፎ፣ ረግጦት የማያውቀው የኔ ቤት ድረስ መጥቷል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ግባ ማለት እንኳ ጠፋኝ።

"ስሄድ አውቶብስ ላይ ፊልምሽን አየሁት" አለ ወለሉን እያየ። "በሩ ጋ ሲደርስ አጠፉት። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እሱን ነው ሳስብ የከረምኩት። የድሮውን አውቀዋለሁ፣ አይከፍትም። ያንቺውስ?"

የበሩን እጀታ ጨብጬ ቀረሁ።

"ይከፍታል፣ አባዬ" አልኩት። "ግን ውሸት ነው አሉኝ። እንዲህ ያለ አባት የለም አሉ።"

"እነሱ ምን አውቀው" አለና ቦርሳውን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።