የወንድሜ በኩራት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ትኩሳት ይዟት ሁርሊንግሃም ክሊኒክ ስወስዳት፣ ነርሷ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠችኝ። ልጄ ስትሸናባት ዕቃዋ እጄ ላይ ሞቀች። ይኸው ከዚያ ወዲህ መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ፤ ሥራ እጀምርና ጥዬ እነሳለሁ፣ ሻዬ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። እስቲ ላውራሽና ይውጣልኝ።

ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ በሰው አገር፣ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር። ትንሹ ወንድሜ ተቅማጥ ጸንቶበት፣ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ኩላሊቶቹ በድንገት ሥራ አቆሙ፤ ሽንት የሚባል ጠፋ። እናቴ ከአማርኛ ሌላ አታውቅም፤ እኔ ገና ተማሪ ብሆንም አስተርጓሚዋ ነበርኩ። አልጋው ጎን የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት እያየሁ ስቁነጠነጥ እውል ነበር። ክፍሉ አልኮል አልኮል ይሸታል፣ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ከረጢቱ ግን ደረቅ ነው።

እሁድ ቸርች ውስጥ እናቴ ብድግ ብላ፣ «ወገኖቼ፣ ለልጄ ሽንት እንዲመጣለት ጸልዩልኝ!» አለች። እኩዮቼ በሳቅ ፈነዱ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ! የቸርቹ ሽማግሌ ግን አልሳቁም፤ «ጌታ ሆይ፣ ሽንቱን ልቀቅለት!» ብለው ጮኹ፤ ጉባኤውም «አሜን!» አለ።

በማግስቱ አንዲት ሐኪም መጣች። በጠና የታመሙ ሕፃናት ኩላሊት ድንገት ሲደክም ቀድሞ የሚታወቅበትን መንገድ የምታጠና ነበረች። ሽንት ከመጣ ጥቂት ስጡኝ አለች፤ ጥናቱ ለወንድሜ ላይደርስለት ይችላል፣ የሚጠቅመው ከእሱ በኋላ ለሚታመሙት ነው፤ እምቢ ብንልም ሕክምናው አይቀርበትም አለችን። ተረጎምኩላት። እናቴ ነደደች።

«እኔ ጠብታ አጥቼ ሰማይ ሳንኳኳ፣ እሷ ከጠብታው ልትካፈል? ወግጂ በያት!»

«ታስብበታለች» ብዬ ተረጎምኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ከረጢቱ ላይ አርፋ ሳለ፣ ቱቦው ውስጥ ቢጫ ነገር ሲንሸራተት አየሁ። «እማዬ፣ መጣ!» እናቴ ክፍሉን በእልልታ አናወጠችው፤ ነርሷ እየሳቀች «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ»፣ ቀስ በይ እማማ፣ እያለች ዝም ልታሰኛት ሞከረች። ከዚያ እናቴ እልልታዋን አቁማ ከረጢቱን አየች። የመጀመሪያ ደሞዟን እንኳ ሳትነካ ለእግዚአብሔር የሰጠች ሴት ናት።

«ያቺን ሐኪም ጥሪያት» አለችኝ። «የመጀመሪያው የእኛ አይደለም፤ በኩራት ነው። ትውሰደው።»

ወንድሜ ግን ከኢንፌክሽኑ አልተረፈም። ሽንቱ እየመጣለት ሞተ።

ሐኪሟ ለቅሶ ልትደርሰን ካሳራኒ ድረስ መጣች፣ አጠገቤ ተቀምጣ በሹክሹክታ፣ «እናትሽን ከከበዳት የወሰድነው ሽንት ይወገዳል፤ እሷ እንዳለችው ነው» አለችኝ። ለእናቴ ነገርኳት። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች።

«በኩራት ከተሰጠ በኋላ አይመለስም። የሌላ እናት ልጅ ይዳንበት።»

ይጥቀም አይጥቀም፣ ለማን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ያ ነው የሚያቁነጠንጠኝ መሰለኝ። እናቴ ግን ጠይቃ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ከክሊኒኩ ወጥቼ፣ ልጄን አቅፌ ማታቱ ታክሲ ስጠብቅ እናቴ ደወለችልኝ። ስለ ትኩሳቷ አልጠየቀችኝም።

«ሸናች?»

«ሸናች፣ እማዬ።»

እናቴ፣ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል፣ ቀስ ብላ እልል አለች።