የአጎቴ የሐጅ ገንዘብና የእኔ ብራውዘር

ድሮም ተጠራጣሪ ነኝ። ስልክ ላይ ፖለቲካ በማይወራበት ዘመን ጎልምሼ እንዴት አልሆን? ኢንተርኔት ለመክፈት ኮምፒውተሬ ላይ የጫንኩት ብራውዘር እንኳ ደሴ ውስጥ ማንም የማያውቀው ነበር። የጫንኩት አንድ ጓደኛዬ ይሄኛው ተጠቃሚውን አይሰልልም ስላለኝ ብቻ ነው።

ሐርቡ የሚኖሩት አጎቴ ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ። ለሐጅ የሚያጠራቅሙትን ገንዘብ ያስቀመጡት ኮምቦልቻ ባለ ባንክ ነው፤ ፎርሙን ሞልቼ ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ። ወለድ እንዳይገባበት ያን ዕለት ደጋግመው አስጠንቅቀውኛል። ሐራም የነካው ገንዘብ ይዞ መካ መሄድ ለእሳቸው የማይታሰብ ነው። የሐጅ ምዝገባው ሳምንት ሲደርስ ጥርጣሬ ገባቸውና ቅርንጫፉ ሄደው ጠየቁ። መስኮቱ ላይ ያለችው የባንክ ሠራተኛ ልጅ ወለድ የለበትም አለቻቸው። ሳታይ ነው የመለሰችልኝ ብለው ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ፣ እቤቴ መጡ። ያኔ ገና የተጀመረውን የባንኩን የኢንተርኔት አገልግሎት አስመዝግቤላቸው ስለነበር፣ በዚያ አሳየኝ አሉ።

የባንኩን ገጽ ከፈትኩ። ብራውዘርዎ ተቀባይነት የለውም፣ ለደህንነትዎ ሲባል በሌላ ይሞክሩ አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ደሜ ፈላ። የሚሰልለውን ሁሉ እያስገባ የእኔን ጨዋ ብራውዘር የሚመልስ ምን የሚሉት ባንክ ነው? ነገሩን ሳስረዳቸው አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሚደብቀው ባይኖር በየትኛው በር ገባህ ብሎ ምን አስጨነቀው?»

እውነታቸውን መሰለኝ። ሌላ ብራውዘር ላወርድ ብል ኔትወርኩ ግማሽ ላይ እየቆመ አስቸገረኝ። ሰፈር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። የዚያ ኮምፒውተር ብራውዘር ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት ስለሆነ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ባለቤቱ እንዳያይ አጎቴ በጋቢያቸው ከለሉኝ። ሰውየው ታዝቦን ወደ ውጭ ወጣ።

ወለድ ገብቶበታል። አንዴ ብቻም አይደለም።

ወዲያው ተሳፍረን ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱን ሙሉ ልጅቷን ስረግም ነበር፤ ባንኩ ስንደርስም ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ጮህኩባት። እሷ ፋይሉን አውጥታ ፎርሙን ፊታችን ዘረጋችው። «ከወለድ ነፃ» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ምልክቱ ያለው ከላዩ፣ መደበኛ ቁጠባ የሚለው ላይ ነበር። ያደረግኩት እኔ ነኝ። የደሴው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነበር የሞላሁት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቷን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አጎቴን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ወለዱ ተለይቶ ወጥቶ ሒሳቡ እስኪቀየር ድረስ የዚያ ዓመት ምዝገባ አለፋቸው። አልተቆጡኝም። የሐርቡ መኪና ላይ አሳፍሬ ስሸኛቸው ግን በመስኮቱ እጄን ያዙኝ።

«ወላሂ፣ ሁሉንም ጠርጥሬያለሁ» አሉኝ ረጋ ብለው። «ያልጠረጠርኩት አንተን ብቻ ነው።»